ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ እንደገና፦ የ1967 መኪኖች ለመንዳት ለምን ይህን ያህል ይከብዳሉ?

የአራዳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለጎንደር ልጆች። ይህን ክር የምከፍተው ስለ ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ ነው። ፓፒረስ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ሠርቶት፣ ሴራ አሳትሞት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የፎርሙላ ዋን ጌም ነው። የሚያስነዳን ግን የ1967ቱን መኪኖች ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፒያሳ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ሲዲው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የምታስታውሱ አላችሁ። አብዛኛው ሰው አንድ ማታ ሞክሮት፣ ገና ከመነሻው መኪናው ዞሮበት፣ "ይሄ ጌም ተበላሽቷል" ብሎ ወደ ኒድ ፎር ስፒድ ተመለሰ።

ሰሞኑን እንደገና ጫንኩት። ማታ መብራት ካለ ሳልነዳው አላድርም። በሙሉ ልቤ የምለው፣ ጌሙ አልተበላሸም፣ እኛን ለማስቸገር ተብሎም አልተሠራም። መኪኖቹ እንዲህ ነበሩ፤ ሠሪዎቹም ሳያለዝቡ አቀረቡልን።

እስቲ አስቡት። ከ1966 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ሞተር 3 ሊትር ሆነ። ሎተስ 49 በሚባለው መኪና ላይ የተገጠመው የፎርድ ኮስዎርዝ ሞተር 400 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል፤ መኪናው ደግሞ 500 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው ክንፍ ገና አልመጣም፤ እሱ የገባው በ1968 ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ጉልበት መሬት ላይ የሚይዘው ጎማው ብቻ ነው። ኩርባ ውስጥ ቤንዚን አብዝታችሁ ከረገጣችሁ የኋላው ያመልጣል። ደንግጣችሁ እግራችሁን ድንገት ካነሳችሁ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላው ጎማ ይቀልለዋል፤ አሁንም ያመልጣል።

መፍትሔው ቀኝ እግር ላይ ነው። እኔ የገባኝ ዛንድቮርት በሚባለው የሆላንድ ትራክ ላይ፣ ታርዛን በሚባለው ኩርባ ነው። ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ ወደ ቀኝ አዙሮ ወደ መጣህበት የሚመልስ ኩርባ ነው። ፍሬኑን ቀጥ ባለው ላይ ትጨርሳለህ፣ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ መሪውን ታዞርና ወዲያው ትንሽ ቤንዚን ትሰጣለህ። ይቺ ቤንዚን ለፍጥነት አይደለችም፤ ክብደቱን የኋላ ጎማ ላይ ለማስቀመጥ ናት። ከዚያ በኋላ መሪውን ብዙ መንካት አያስፈልግም። ትንሽ ስትጨምር የኋላው ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ትንሽ ስትቀንስ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባል። መኪናው ክፍት ስለሆነ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። በደንብ ሲሄድልህ ጎማዎቹ ከኩርባው በተቃራኒ ትንሽ ዞረው፣ መኪናው ግን ወደምትፈልግበት ሲሄድ ታያለህ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ጌም አላማረኝም።

እስቲ የምትጫወቱት ካላችሁ፣ በየትኛው መኪና ነው? ትታችሁት ከነበረስ ምን አስተዋችሁ?

ማራኪ ካምፓስ

ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሎተስ 49 አሴቶ ኮርሳ የሚባለው ሌላ የመኪና ጌም ላይም አለ፤ እኔ እዚያ ነድቼዋለሁ። ይንሸራተታል፣ ያስቸግራል፣ ግን ከመንሸራተቱ በፊት በስቲሪንጉ በኩል ይነግርሃል። ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ ላይ ቀስ ብለህ ስትሄድ፣ በተለይ በአንደኛ ማርሽ ከጠባብ ኩርባ ስትወጣ፣ መሬቱ ሳሙና የተቀባ ነው የሚመስለው። እውነተኛው መኪና እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሞናኮ ላይ ማንም አይጨርስም ነበር።

ሌላው ምስሉ ነው። ጌሙ ሲወጣ በሰከንድ ከ36 ምስል በላይ አያሳይም ነበር። መኪናው መዞር ሲጀምር ዓይንህ የሚያየው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ "መኪኖቹ እንዲህ ነበሩ" ከምትል፣ ግማሹ አስቸጋሪነት ከመኪናው፣ ግማሹ ከ1998ቱ ኮምፒውተር የመጣ ነው ብትል እቀበልሃለሁ።

የአራዳ ልጅ

@ማራኪ ካምፓስ፣ ጥሩ ነጥብ አነሳህ። በዝግታ ኩርባ ላይ ያልከውን እኔም ይሰማኛል፤ ሞናኮ ላይ ጣቢያው አጠገብ ያለው ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ከሚገባው በላይ ይንሸራተታል። ምስሉን በተመለከተ ግን ደጋፊዎቹ በኋላ በሰከንድ 60 አድርሰውታል። በእሱ ስትነዳ ልዩነቱ የትየለሌ ነው፤ መኪናው ያው ነው፣ አንተ ግን ቀድመህ ታየዋለህ።

የማልቀበልህ "ግማሽ" የምትለውን ነው። ምስሉ 36 ይሁን እንጂ ከሥር ያለው ስሌት በሰከንድ 288 ጊዜ ነው የሚሠራው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር! ዴቪድ ካመር የሚባለው የፓፒረስ ሰው በኋላ አይሬሲንግ የሚባለውን የኢንተርኔት የመኪና ውድድር ጌም ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ በ2008 ለሕዝብ ተከፈተ፣ ዛሬ እውነተኛ ሹፌሮች ይለማመዱበታል። ያ እውቀት የተጀመረው እዚህ ጌም ላይ ነው። ሲወጣ ብዙ ገዢ አላገኘም፤ ሰዉ ከበደው፣ ኮምፒውተሩም አልቻለውም። ለኔ ግን ከዘመኑ የቀደመ ሥራ ነው፤ "ተበላሽቷል" ሲባል የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

አዘዞ ጋራዥ

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ጌም ተጫዋች አይደለሁም፤ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን በመኪና ሥር ነውና አንድ ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ እግር ማንሳት ያላችሁት። ይህ የውድድር መኪና ብቻ ጠባይ አይደለም። የድሮዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የኋላ አክስሏም ጎማው ሲወርድና ሲወጣ አብሮ የሚጋደል ነበር። ወገራ ላይ ቁልቁለት ኩርባ ውስጥ ገብቶ ደንግጦ ቤንዚን የለቀቀ ሰው ቮልሷ ስትዞርበት አይተናል። የድሮ ሹፌሮች "ከኩርባው በፊት ቀንስ፣ ከገባህ በኋላ ዝም ብለህ ያዛት" ይሉ ነበር። ከላይ የአራዳው ልጅ የጻፈው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጄ የመኪናውን ማስተካከያ ገጽ ከፍቶ ሲያሳየኝ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው፣ እዚያ ውስጥ አለ። ቤንዚን ሲሰጥና ሲለቀቅ ለየብቻ ምን ያህል እንዲቆልፍ ይመረጣል። ቤንዚን ሲለቀቅ ይበልጥ እንዲቆልፍ አድርጉት። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ስለሚጎተቱ የኋላው ይረጋል። ጉዳቱ አፍንጫው ለመግባት ትንሽ እምቢ ይላል፤ ለጀማሪ ግን ይሻላል። ልጄ ይህን ካደረገ በኋላ ብዙ ረጋለት።

ሌላም ያስደነቀኝ አለ። የ1967ቱ የመጨረሻ ውድድር ሜክሲኮ ሲቲ ነበር። ከተማዋ ከባሕር በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ የኛ ጎንደርም ከ2,100 ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ አምስት አንዱን ገደማ ያጣል። ከመተማ በረሃ የሚመጣ መኪና እዚህ ሲደርስ "ደከመብኝ" ብለው ያመጡልናል፤ ካርቡሬተሩን ለደጋው ማስተካከል የየዕለት ሥራችን ነበር። እነዚያም ሰዎች በዚያ ቀጭን አየር ነው የተወዳደሩት፤ ጂም ክላርክ የሚባለው ሹፌር በሎተስ አሸነፈ።

የአራዳ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የዲፈረንሻሉን ምክር ዛሬውኑ ሞክሬ ውጤቱን እጽፍልዎታለሁ። ስለ ቮልሷ አክስል ያሉትን ደግሞ ይህን ክር የሚያነብ ሁሉ ደግሞ ያንብበው።

ሳሙና በር

ደስ የሚል ክር ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ የነዳሁት በጆይስቲክ ነበር፤ ይቻላል፣ ግን ማታለያ ይፈልጋል። መሪው መሀል አካባቢ ቀስ ብሎ እንዲዞር ማድረግ አለባችሁ፤ ያለዚያ አውራ ጣታችሁ ትንሽ ሲንቀሳቀስ መኪናው ጥግ ይይዛል። ቤንዚኑን በቁልፍ አትስጡት፤ ቁልፍ ወይ ተረግጧል ወይ አልተረገጠም፣ በግማሽ መስጠት አትችሉም። ቤንዚንና ፍሬን በጆይስቲኩ ዘንግ ይሁኑ።

አሁን ያገለገለ ስቲሪንግ አግኝቻለሁ። ፔዳሎቹ ሲሚንቶው ወለል ላይ እየተንሸራተቱ አስመረሩኝ። ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ፔዳሉ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ እግሬም ይከተለዋል። አንድ ጣውላ አስቆርጬ በብሎን አሰርኩትና ጣውላውን ግድግዳ አስደገፍኩት። ከዚያ ከጎማ ቤት ቁራጭ ከመነዳሪ ጠይቄ፣ አጥፌ ከፍሬኑ ፔዳል ጀርባ ወሸቅኩት። አሁን ፍሬኑ መጀመሪያ ላይ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ጎማው ሲጨመቅ ይጠነክራል። የመኪናው ጎማ ከመቆለፉ በፊት የት ላይ እንደሆንኩ እግሬ ያውቃል። እነዚህ መኪኖች ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን፣ የላቸውም፤ ፍሬን አብዝታችሁ የፊት ጎማ ከቆለፋችሁ መሪው አይሠራም። ይህቺ ቁራጭ ጎማ ከምንም በላይ ጊዜዬን አሻሽላልኛለች።

ለጀማሪ የምለው፣ በሎተስ አትጀምሩ። ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው፣ ፈጣን ስለሆነ። ብራባምን ውሰዱ። የሬፕኮ ሞተሩ ጉልበቱ ያነሰ ነው፣ ግን መኪናው ቀላልና የተረጋጋ ነው። እውነተኛውን የ1967 ዋንጫ የወሰደውም እሱ ነው፤ ዴኒ ሁልም በ51 ነጥብ አንደኛ፣ የመኪናው ባለቤት ጃክ ብራባም ራሱ በ46 ሁለተኛ። ክላርክ በፈጣኑ ሎተስ አራት ውድድር አሸንፎ ሦስተኛ ነው የወጣው፤ መኪናው እየተሰበረ። ትራኩም ዋትኪንስ ግሌን ይሁን፤ 3.7 ኪሎ ሜትር ነው፣ በፍጥነት ይሸመደዳል። ብቻችሁን ንዱ፣ ነዳጅ ትንሽ ቅዱ፣ ጎማው እስኪሞቅ አትቸኩሉ። ከኮምፒውተሩ መኪኖች ጋር መጋፋት በኋላ ይደረስበታል።

የደባርቅ መንገድ

እኔ ኑርበርግሪንግን ልጠይቅ። ሌላውን ትራክ ቀስ በቀስ ለመድኩት። ይሄኛው 22.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኩርባውን ልቆጥረው ስሞክር ይጠፋብኛል። ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ከኮረብታው ማዶ ምን እንዳለ አይታይም። መኪናው በአየር ላይ የሚዘልበትም ቦታ አለ። እናንተ እንዴት ያዛችሁት?

እኔ ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ ሊማሊሞን ቀንም ሌሊትም ወርጄዋለሁ። ሊማሊሞን ስማር ያስተማሩኝ ሹፌሮች መንገዱን ከላይ እስከ ታች በአንዴ አላስያዙኝም። "እስከዚህ ቋጥኝ ድረስ ዛሬ፣ ከቋጥኙ እስከ ውኃው ነገ" ነበር ያሉኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ ምልክት አለው፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ የወደቀ መከለያ፣ ዛፍ። ምልክቱን ስታይ እግርህ ቀድሞ ያውቃል። ለኑርበርግሪንግም ይህ ይሠራል ብዬ አስባለሁ፤ ግን ጌሙ ውስጥ ምልክት አድርጌ የምይዘው ነገር ምን ይሻላል?

ቀይ ፌራሪ

@የደባርቅ መንገድ፣ አስተማሪዎችህ ትክክል ናቸው፤ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የያዝኩት። ምልክትህ አጥሩ፣ የዛፉ መስመር የሚያልቅበት ቦታ፣ ድልድዩ ይሁን። ካሩሰል የሚባለውን ክብ ኩርባ ፈልግ። ውስጠኛው ጠርዙ በኮንክሪት የተሠራ ጎድጓዳ ነው፤ ውስጡ ስትገባ መኪናውን ይዞ ያዞርልሃል። እሱን የመሐል ምልክት አድርገው። ጂም ክላርክ በ1967 እዚያ ለመነሻ ቦታ ሲወዳደር አንድ ዙር በ8 ደቂቃ ከ4.1 ሰከንድ ነው የጨረሰው። አንተ በ10 ደቂቃ ከመንገድ ሳትወጣ ብትጨርስ በጣም ጥሩ ነው፤ ሳትጋጭ መጨረስ ከፍጥነት ይቀድማል።

ስሜ እንደሚናገረው እኔ በፌራሪ 312 ነው የምነዳው። ድምፁ! 12 ሲሊንደር ነው፤ ማርሽ ስትቀይር ጆሮ ላይ የሚቀረው ነገር በቃላት አይገለጽም። ሞናኮ ላይ በዚህ መኪና ስነዳ ሁልጊዜ ሎሬንዞ ባንዲኒን አስባለሁ። በ1967ቱ ውድድር ወደቡ አጠገብ ተጋጭቶ መኪናው ተቃጠለ፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ጌሙ ላይ መኪና ስንገጭ አንድ ቁልፍ ተጭነን እንጀምራለን፤ እነሱ ቀበቶ እንኳ ሳያስሩ ነበር የሚነዱት። ስፓ በሚባለው የቤልጂየም ትራክ ላይ ስትነዱ ከመንገዱ ዳር ያሉትን ቤቶችና እንጨቶች እዩአቸው፤ እነዚያ ጌጥ አይደሉም፣ እውነትም እዚያ ነበሩ። ሹፌሩ ጃኪ ስቱዋርት በ1966 እዚያ በዝናብ ከመንገድ ወጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ተጣብቆ፣ ቤንዚን እየፈሰሰበት ቆየ። ዕድሜውን በሙሉ ለሹፌሮች ደኅንነት የተከራከረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከታሪኩ ደግሞ የ1967ቱን ሞንዛ፣ የጣሊያኑን ውድድር፣ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጌሙ ላይ ልደግመው እየሞከርኩ ነው። ክላርክ እየመራ ጎማው ተበላሸበትና ገብቶ ቀየረ፤ አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ቀረ። ሞንዛ አብዛኛዋ ቀጥታ ናት፤ እዚያ አንድ ዙር መመለስ የማይታሰብ ነው። እሱ ግን ተመለሰ። ሁሉንም አንድ በአንድ አልፎ እንደገና መሪ ሆነ። የመጨረሻው ዙር ላይ ነዳጅ አነሰውና ሁለቱ አለፉት። ጆን ሰርቲስ በሆንዳ ብራባምን በ0.2 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ አሸነፈ። ክላርክ ሦስተኛ ወጣ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ሦስተኛው ነው።

በነገራችን ላይ ጌሙ ውስጥ ሆንዳን ብትፈልጉ በስሙ አታገኙትም፤ "ሙራሳማ" ተብሎ ነው ያለው። ኩፐርም "ኮቨንትሪ" ነው። የፈረንሳዩ ውድድርም በዚያ ዓመት የተካሄደው ሌ ማን ላይ ነበር፤ ጌሙ ግን ሩዋን ያስነዳችኋል። እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ፤ ሩዋን ቁልቁለቱ ውብ ነው።

ማራኪ ካምፓስ

@ሳሙና በር፣ እህቴ፣ የከመነዳሪውን ነገር ዛሬ ሞከርኩት። ልክ ነሽ። ብራባምንም ይዤ ዋትኪንስ ግሌን ላይ ቆየሁ። በዝግታ ኩርባ ላይ ያለኝ አስተያየት አሁንም ያው ነው፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ በሚነዱት ኩርባዎች ላይ ግን የአራዳው ልጅ ያለው እውነት ነው። መኪናው በቀኝ እግር ይዞራል። አሴቶ ኮርሳ ላይ ይህን ያህል አልተሰማኝም ነበር፣ ምክንያቱም እዚያ መሪው ብዙውን ሥራ ይሠራልኛል።

ግን የ16 ሲሊንደሩን ቢአርኤም የሞከረ አለ? እኔ ከአንድ ኩርባ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

ቀይ ፌራሪ

ቢአርኤም ከባድ ነው፤ ሞተሩ ሁለት ባለ 8 ሲሊንደር አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ያህል ነው። ከሎተስ ጋር አታወዳድረው፣ ከገባህበት ኩርባ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ግን ስቱዋርት በ1967 ስፓ ላይ በዚሁ መኪና ሁለተኛ ወጥቷል፤ ማርሹ እየዘለለ ስላስቸገረው በአንድ እጁ የማርሽ ዘንጉን ይዞ፣ በሌላው እጁ ብቻ እየነዳ! አንደኛ የወጣው ዳን ገርኒ ራሱ በሠራው ኢግል ነው፤ ከሳምንት በፊት የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ፎይት ከሚባል ሹፌር ጋር አሸንፎ መጥቶ።

አዘዞ ጋራዥ

ማርሽ እየያዙ መንዳት እኛም እናውቀዋለን፤ የድሮ ኤንትሬ የነዳ ሰው ይመስክር። በ14 ኪሎ ሜትር ትራክ፣ በዚያ ፍጥነት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ጀግና ነው።

የአራዳ ልጅ

ጋሼ፣ ዲፈረንሻሉን እንዳሉት አድርጌ ዛንድቮርት ላይ ነዳሁ። ፍሬን ይዤ ስገባ የኋላው ከድሮው በጣም ረጋ። አፍንጫው ትንሽ እምቢ ያለኝን በፊት ጎማ ማስተካከያ መለስኩት። አመሰግናለሁ።

አሁን አንድ ሐሳብ አለኝ። ኢንተርኔታችን ለቀጥታ ውድድር አይመችም፣ መብራቱም እንደዚያው። ስለዚህ ለየብቻችን ነድተን የተቀረጸውን ሪፕሌይ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እንለዋወጥ። የጌሙ ሪፕሌይ ከየትኛውም አቅጣጫ ስለሚያሳይ ማን የት ፍሬን እንደያዘ፣ ማን የት ቤንዚን እንደሰጠ ይታያል፤ እንማማርበታለን። መኪናው ለሁሉም ብራባም፣ ትራኩ ዛንድቮርት። ጊዜ የሚቆጠርለት ከትራኩ ያልወጣ ዙር ብቻ ነው።

ሳሙና በር

እኔ ገብቻለሁ። ነዳጁንም እኩል እናድርገው እንጂ፤ ባዶ ታንክ ይዞ የሚሄድ ሰው ያሸንፋል። ለአምስት ዙር የሚበቃ ይሁን።

የደባርቅ መንገድ

እኔም አለሁ። ዛንድቮርትን ስጨርስ ግን የሚቀጥለው ኑርበርግሪንግ ይሁን፣ እለምናችኋለሁ። እስከ ካሩሰል ድረስ ይዤዋለሁ፤ ቀሪውን በዚህ ሳምንት እጨርሳለሁ።

የአራዳ ልጅ

ነዳጅ ለአምስት ዙር፣ ተስማምተናል። ሪፕሌዩን እስከ እሑድ ማታ ላኩ። ቀጣዩ ኑርበርግሪንግ ነው።